ቆቡን የጣለው ሀይቅ ዳር

ሰው ሲመንን ሰምታችኋል። ቦታ ሲመንን ግን አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አይቻለሁ። መመንኮሱን ብቻ አይደለም፣ ቆቡን ሲጥልም ደርሼበታለሁ።

በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ፣ ከቶሮንቶ ወጣ ብሎ፣ ሀይቅ ዳር፣ በኃጢአቱ ስሙ የገነነ መዝናኛ ነበር። ጭፈራው፣ ቁማሩ፣ መጠጡ! ፓርክዴል የሚባለው የከተማው ሰፈር የምንኖር ላጤዎች «ገሞራ» እንለው ነበር። ያላየው ሁሉ አይቼዋለሁ ይላል፤ እኔም ሳላየው እንዳልሞት እሰጋ ነበር።

ያን ጊዜ ሰናይትን ለማግባት ደጅ እጠናለሁ። እናቷ እትዬ በላይነሽ ግን ጾም የማይጾም አማች ደጄን አይረግጥም ብለው ምለዋል። ፍልሰታ ሲገባ ከፓርኪንግ ሥራዬ ኦፍ ጠየቅሁና ሱባኤ ልገባ ነው አልኳቸው። የት ብለው እንኳ አልጠየቁኝም፤ በርታ ልጄ ብለው መረቁኝ። ምርቃቴን ተቀብዬ፣ ባለ አበባ ሸሚዜን ለብሼ፣ የተጠበሰ ዶሮ በመኪናዬ ጭኜ ወደ ገሞራ ነዳሁት። አያድርስ ነው!

ስደርስ ሙዚቃ የለም። የጭፈራው አዳራሽ በር ላይ ጫማ ተደርድሯል። ፈረንጅ በባዶ እግሩ መጨፈር ጀመረ እንዴ? ገባ ስል ነጭ የለበሰ ሕዝብ ይሰግዳል። ለካ ባለቤቱ ከስሮ አዳራሹን ለጸሎት ማከራየት ጀምሯል፤ የተከራየው ደግሞ የእኛው ቤተ ክርስቲያን! እትዬ በላይነሽ ቃሉን የሚያከብር ልጅ ብለው አቀፉኝ። ሸሚዜን ሲያዩ፣ ምስኪን ልብስ ሳይቀይር ከሥራ መጣ ብለው ነጠላ ደረቡልኝ። ዶሮው መኪና ውስጥ ሲሸት እኔ ጉልበቴ እስኪከዳኝ ሰገድኩ። በጥቅምት ሰናይትን ዳሩልኝ።

በዓመቱ ከልቤ ሱባኤ ልገባ ወሰንኩ። ሳቁ፣ ግን ከልቤ ነው። ሰናይት ነፍሰ ጡር ስለነበረች ቤት ቀረች፤ እናቷ ቀድመው ሄደዋል። ሱባኤው ወደ ሌላ ቦታ መዛወሩ ቤተ ክርስቲያን የተነገረው ለካ እኔ ሥራ በገባሁበት እሁድ ኖሯል። ነጠላዬን አጣፍቼ፣ ዳዊቴን ይዤ ስደርስ ገሞራ ቆቡን ጥሎ ጠበቀኝ። አዲስ ባለቤት፣ አዲስ ቁማር፣ መስኮት የሚያንቀጠቅጥ ሙዚቃ። በሩ ላይ ጫማዬን ሳወልቅ፣ ከሀይቁ የወጣች አንዲት ሴት ነጠላዬን ፎጣ መስሏት ፀጉሯን አደረቀችበት፤ ከንፈሯንም ጠረገችበት። እኔም ነጠላዬን ነጥቄ ወደ ውስጥ ሮጥኩ።

እዚያው ካለው ስልክ ሰናይት ጋ ደወልኩ። እናቷ ባልሽ የት ቀረ ብለው ደውለው ቀድመውኛል። የት ነህ አለችኝ። ሱባኤው ቦታ አልኳት፣ እውነቴን ነው። ከኋላዬ ከበሮው ይደልቃል፣ ሴት ትንከተከታለች። ቤት ስገባ ነጠላዬ ላይ ያለውን ቀይ ቀለም ዘርግታ እያሳየች፣ «ሼም የለህም? ማርያም ናት ሊፕስቲክ የምትቀባው?» አለችኝ።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። ይጠራ ይሆናል። እስኪጠራ ድረስ ግን፣ በውሸቴ ሚስት ያገኘሁት ሰውዬ በእውነቴ ሶፋ ላይ አድሬያለሁ።