ሌላው ሲጠየቅ የሚመልሱት አቶ ሽመክት

ሌላው ተጠይቆ እሱ የሚመልስ ሰው የሌለበት ሰፈር በኢትዮጵያ ምድር አይገኝም። ቡራዩ ላይ ይህን ከባድ ኃላፊነት ማንም ሳይሾማቸው የተሸከሙት የማዘጋጃ ቤት ጡረተኛው ክቡር አቶ ሽመክት ናቸው። ዳኛ ከሳሽን ሲጠይቅ እሳቸው ይመልሳሉ። እንዲያውም በአንድ ሽምግልና ላይ ልጅቷ «ወደሽዋል ወይ?» ስትባል «እንዴታ» ያሉት እሳቸው ናቸው ይባላል። ሁሌም የሚጀምሩት «እኔ ላስረዳ» ብለው ነው።

ጎረቤታቸው ኦቦ ደገፋ ገፈርሳ አጠገብ ድንች የሚያመርቱ፣ ቃል የሚቆጥቡ ገበሬ ናቸው። የልባቸው ምት ወጥ አይደለም፤ ይሮጣል፣ ይዘላል፣ ደግሞ ይዘገያል። ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ ኪኒን ታዞላቸዋል። አማርኛን ከብዙዎቻችን አሳምረው ይናገራሉ፤ ሆኖም አዲስ አበባ ለክትትል በሄዱ ቁጥር አቶ ሽመክት «ላስተርጉምልህ» ብለው ይከተላሉ።

በመጋቢት ቀጠሮ ሐኪሟ ዶክተር ሶያማ «ኪኒኑ ያስቸገረዎት ነገር አለ?» ብላ ጠየቀች። ኦቦ ደገፋ አፋቸውን ከፈቱ።

«እኔ ላስረዳ» አሉ አቶ ሽመክት። «ምንም የለም። እንደ ማር ነው የተስማማው።»

ኦቦ ደገፋ አፋቸውን ዘጉ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ አንድ ማክሰኞ ጠዋት፣ ድንች ሲጭኑ አፋቸው ወደ አንድ ጎን ተጣመመ። ቀኝ እጃቸው ተንጠለጠለ፤ ምላሳቸው ተሳሰረ። መኪና ለምነው፣ መንገድ አስለቅቀው በአንድ ሰዓት ውስጥ ሆስፒታል ያደረሱት አቶ ሽመክት ናቸው፤ ይህ ሊካድ አይገባም።

ዶክተር ሶያማ የተነሣውን የጭንቅላታቸውን ምስል አየች። «ከልብ የተነሣ የረጋ ደም የጭንቅላታቸውን ደም ስር ዘግቶታል። የሚያሟሟ መድኃኒት አለን፤ ግን ያ ኪኒን ሰውነታቸው ውስጥ ካለ ጭንቅላታቸው ሊደማ ይችላል። መጨረሻ የወሰዱት መቼ ነው?»

«እኔ ላስረዳ። ትናንት ማታ። አንድም ቀን አያጎድልም።»

«አልወሰደም» አሉ ባለቤታቸው ወይዘሮ ገለቴ፣ አቶ ሽመክትን በክርናቸው ገፋ አድርገው። «ከተወው ሦስት ሳምንት ሆነው። ድዱ እየደማ ፈርቶ ነው። ባለፈው ሊነግርሽ ነበር፤ እኚህ ሰውዬ…» አልጨረሱትም።

የደም ምርመራው የወይዘሮ ገለቴን ቃል አረጋገጠ፤ መድኃኒቱም ተሰጠ። አቶ ሽመክት ኮሪደሩ ላይ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ቆሙ። ያ ተከፍቶ የተዘጋ አፍ ከዓይናቸው አልጠፋ አለ። መሬት ተከፍታ ብትውጣቸው ደስ ባላቸው።

ከዚያ በኋላ ሙሉ ወር የደገፋን በር ላለማየት ዙሪያ ጥምጥም ሄዱ። ስለ ውሃ በተጠራ የሰፈር ስብሰባ ላይ የውሃ ቢሮው ኃላፊ «ውሃ ከጠፋ ስንት ቀን ሆነው?» ብሎ ቢጠይቅ ሠላሳ ሰው እርስ በርሱ ተያየ። እሳቸው መሬት መሬት አዩ። ውሃው እስካሁን አልመጣም።

አንድ ቀን ወይዘሮ ገለቴ መጡ። «ሐሙስ ቀጠሮ አለ። ያለ እርስዎ አልሄድም ብሏል።»

«በምን ፊቴ፣ ገለቴ?»

«ፊትዎን ማን ፈለገው። ትከሻዎን ይዘው ይምጡ።»

ሐሙስ ዕለት ኦቦ ደገፋ ቀኝ እግራቸውን እየጎተቱ፣ በዚያ ትከሻ ተደግፈው ገቡ። ዶክተሯ ጠየቀች። ቃላቱ አንድ በአንድ፣ እንደ አቀበት መንገደኛ እያረፉ ወጡ። «ኪኒን… እወስዳለሁ። ድዴ… ተሻለው።» አቶ ሽመክት ጥርሳቸውን ነክሰው ባርኔጣቸውን ጨመደዱ።

ኦቦ ደገፋ ዞር አሉ። «ማሊፍ ጨሊስታ?» ለምን ዝም አልክ ማለታቸው ነው። «የቀረውን… አንተ ንገራት። ደከመኝ።»

«ምን ልበል?» አሉ አቶ ሽመክት። ይህን ጥያቄ ከእሳቸው አፍ ቡራዩ ሰምታ አታውቅም።

ኦቦ ደገፋ ወደ ጆሯቸው ጠጋ ብለው ቀስ እያሉ ነገሯቸው። እሳቸውም ቃል በቃል አደረሱ። ከራሳቸው የጨመሩት አንድ ነገር ብቻ ነው።

«ጥፋቱ የእኔ ነበር፣ ዶክተር።»