ዳኛ ፊት «ደህና ነኝ» አይባልም

የእኛን ሰው ታሞ አይታችሁታል? አልጋ ይዞ፣ ግሉኮስ ተሰክቶለት፣ ከንፈሩ ደርቆ ተኝቷል። ጠያቂ ይገባና «እንዴት ነህ?» ይለዋል። በሽተኛው ከትራሱ ቀና ለማለት እየታገለ፣ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ» ይላል። ደህና ከሆነ ሆስፒታል ምን ይሠራል? ይህን ማንም አይጠይቅም። ጠያቂውም «ተመስገን ነው» ብሎ ያመጣውን ብርቱካን ኮሞዲኖው ላይ ያኖርና ስለ ኑሮ ውድነት ማውራት ይጀምራል። በሽተኛው ቢሞት እንኳ «ትናንት እኮ ደህና ነኝ ብሎኝ ነበር!» እየተባለ ይለቀሳል።

እኔ በዚህ ቅሬታ የለኝም። እርስ በርሳችን እንግባባለን። አንዱ «ደህና ነኝ» ሲል ሌላው ድምፁን ይሰማል፣ ፊቱን ያያል፣ የጎደለውን ራሱ ይሞላል። ችግሩ የሚመጣው ይህን መልስ ይዘን ኦስሎ ስንገባ ነው። የዚህ አገር ሐኪም ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም፤ የነገሩትን ያምናል። ደህና ነኝ ካሉት ደህና ናት ብሎ ይጽፋል። ከጻፈ ደግሞ አለቀ።

እትዬ አስካለን ዳኛ ፊት ያቆማቸው ይኸው ነው።

ከመቀጠሌ በፊት ራሴን ላስተዋውቅ። አውቶቡስ ነጂ ነኝ፤ የምኖረው ግሮሩድ ነው። እጄ መሪ ላይ ቢሆንም ዓይኔ መስተዋቱ ላይ ነው፤ ማን ከማን ጋር እንደተኳረፈ፣ ማን አዲስ ሥራ እንዳገኘ ሳላውቅ የመጨረሻው ፌርማታ ላይ አልደርስም። ባለቤቴ ይህን ወሬ ማነፍነፍ ትለዋለች። እኔ ምርምር ነው እላለሁ። ስለዚህ እትዬ አስካለ ዳኛ ፊት ሊቀርቡ ነው የሚል ነገር ጆሮዬ ጥልቅ ሲል፣ በማግስቱ ሳልጠራ ቬስትሊ ቤታቸው ተገኘሁ።

ሊፍቱ ተበላሽቶ ነበር። ደረጃውን ስወጣ ግራ ጉልበቴ ትንሽ አጉረመረመ፤ በበረዶው ጊዜ ተንሸራትቼ ከወደቅኩ ወዲህ የጀመረው ጠባይ ነው። ምንም አይደለም፣ ደህና ነኝ። ወደ እትዬ አስካለ እንመለስ።

እትዬ አስካለ ኦስሎ ከገቡ ጀምሮ ጽዳት ነው የሠሩት። ግሩነርሎካ ያሉ ቢሮዎችን ወለል ሲወለውሉ፣ የትምህርት ቤት ወንበር ሲያነሡና ሲጥሉ፣ ወገባቸውም ቀኝ ትከሻቸውም አብሮ አለቀ። በመጨረሻ ለኡፎረ አመለከቱ። ኡፎረ ማለት መሥራት ላልቻለ ሰው መንግሥት የሚከፍለው መተዳደሪያ ነው። ተከለከሉ። ለምን? ኦስሎ ተወልዳ ያደገችው ልጃቸው ሩት ወረቀቱን አንብባ ነገረችኝ። ፋስትሌገው፣ ማለትም የቤተሰብ ሐኪማቸው፣ በሄዱ ቁጥር «ታካሚዋ ደህና ነኝ ትላለች» እያለ ጽፎ ኖሯል።

እውነት ብለውታል ወይ ብዬ ጠየቅኳቸው።

«ታዲያ ምን ልበለው?» አሉኝ እትዬ አስካለ። «ሰውዬው ከወንበሩ ተነሥቶ፣ እጄን ጨብጦ፣ በፈገግታ እንዴት ነሽ ሲለኝ እዬዬ ልበልበት?»

ይግባኝ ተባለ። ይግባኝ ሰሚዎቹ አብዛኛውን ጊዜ ወረቀት አይተው ነው የሚወስኑት፤ የእትዬ አስካለን ግን ከአፋቸው እንስማ አሉ። ከተሳካ ዐረፉ። ካልተሳካ ወደ መወልወያው መመለስ ነው፤ ያ ወገብ ደግሞ አንድ ኮሪደር እንኳ አይጨርስም። ጉዳያቸውን የያዘችው ጠበቃ ያለቻቸው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የሚሰማዎትን እንዳለ ይንገሩ። ቀላል መሰላት። እኛን አታውቀንም።

ስለዚህ ልምምድ ያስፈልጋል ተባለ። ዳኛ ማን ይሁን? ሕግ ባላውቅም ግርማ ሞገስ አይጎድለኝም ብዬ ሹመቱን ለራሴ ሰጠሁ።

የመጀመሪያው ቀን ኮሪደር ወጥቼ፣ ኮቴን ቆልፌ፣ ግንባሬን ቋጥሬ ገባሁ። ሩት ሳቀች። «አንተ፣ የዚህ አገር ዳኛ አይቆጣም እኮ» አለችኝ። እኔ የማውቀው ዳኛ በልጅነቴ ያየሁት የወረዳ ዳኛ ነው፤ እሱ ካልተቆጣ ፍርድ ቤቱ የተከፈተ አይመስለውም ነበር። ግንባሬን ፈትቼ እንደገና ገባሁ። እትዬ አስካለ እንደ ወጣት ብድግ አሉ።

«ማሚ፣ ናይ! አይሆንም፣ እንደዚህ አትነሺ!» ብላ ጮኸች ሩት።

«ዳኛ ሲገባ ተጎልቼ ልጠብቀው? ማን አሳደጋት ይበለኝ?»

ሩት ግን እናቷን ታውቃለች። ሰው ፊት ብድግ ይላሉ፣ ሰው ሲሄድ በር ዘግተው ይጋደማሉ። «ብቻሽን ስትሆኚ እንደምትነሺው ተነሺ» አለቻቸው። እትዬ አስካለ አፈሩ። ካግባባናቸው በኋላ አሳዩን። መጀመሪያ በጎን ይዞራሉ፤ ከዚያ የወንበሩን ክንድ በሁለት እጅ ይይዛሉ፤ ትንሽ ይቆያሉ፤ ከዚያ ነው የሚነሡት። እንደጨረሱ እንግዳ ፊት ነጠላቸው የወደቀባቸው ይመስል ዞር አሉ።

ሁለተኛው ፈተና «እንዴት ነሽ?» ነበረ። ጠየቅኳቸው። «ተመስገን፣ ደህና ነኝ!» ተሳሳቱ ብያቸው እንደገና ጠየቅኩ። «ተመስገን፣ ደህና ነኝ!» እንዲያውም እያሻሻሉት መጡ፤ በሦስተኛው «አንተስ ደህና ነህ? ልጆቹስ?» ጨመሩበት፤ በአራተኛው ዳኛው ሻይ ሳይጠጣ መጠየቁ ከብዷቸው ወደ ማድ ቤት ጉዞ ጀመሩ። ተመስገን የሚለውን ይተዉት ብንላቸው ተቆጡ። ፈጣሪን እንዳላመሰግን ነው እንዴ ዳኛ የሚጠራኝ አሉ። እንግዲህ ድርድር ገባን። ከብዙ ክርክር በኋላ «ተመስገን» ይፈቀድ፣ «ደህና ነኝ» ይከልከል ተባለና በኮሚቴ የጸደቀ መልስ ወጣ፤ «ተመስገን፣ ያመኛል።»

እንዲህ ስንል ሰነበትን። አንድ ቅዳሜ ግን ዳኝነቴን ረሳሁትና፣ በገዛ ራሴ ጉጉት፣ ጠዋት ሲነሡ ምን ይሆናሉ ብዬ ጠየቅኳቸው። እትዬ አስካለ በመስኮቱ ወደ ጫካው ተመለከቱ። ካልሲ ማጥለቅ አልችልም አሉ፤ ሩት ናት ሥራ ከመሄዷ በፊት የምታጠልቅልኝ። ቀኝ እጄ ጸጉሬ ላይ አይደርስም። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ የሰረቀውን ነገር እንደሚናዘዝ ሰው፣ «ስግደትም ከተውኩ ቆየሁ» አሉ። በጾሙ ጊዜ ሕዝቡ ሲሰግድ እሳቸው ከኋላ ግድግዳው ጋ ይቆማሉ። ሰው እንዳያያቸው ከሁሉም ቀድመው ውልቅ ይላሉ።

ይህን ሩትም አታውቅም ነበር። ተነሥታ የታጠቡ ስኒዎችን እንደገና ማጠብ ጀመረች። እኔም አዘንኩ። የስንት ተሳፋሪ ኩርፊያ አውቃለሁ የምል ሰው፣ በየእሑዱ የምስማቸው እትዬ አስካለ ለምን ቶሎ እንደሚሄዱ አንድ ቀን ጠይቄ አላውቅም። ወጥ ጥደው መጥተው ይሆናል እል ነበር።

ቀኑ ደረሰ። በአለባበስ ጠብ ተነሣ። ሩት የዘወትር ልብስ ይሁን አለች። እትዬ አስካለ ግን ተጎሳቁዬ መንግሥት ፊት አልቀርብም ብለው ጥበባቸውን ለበሱ፣ ወርቃቸውን አደረጉ፣ ነጠላቸውን ተኩሰው ደረቡ። ለኡፎረ ሳይሆን ለልጅ ሠርግ የሚሄዱ መሰሉ። በዚህ የሚረታቸው አልተገኘም።

አዳራሽ የመሰለኝ ነገር ረጅም ጠረጴዛ ያለበት ተራ ክፍል ሆነ። አንድ ወጣት አስተርጓሚ፣ ከዳኛዋ ጋር የሚቀመጥ አንድ ሐኪም፣ ጠበቃዋ፣ እኛ። ከዚያ በሩ ተከፈተና ዳኛዋ ገባች። ምን ሆና ብትገባ ጥሩ ነው? አንድ እግሯ ጄሶ ውስጥ፣ ሁለት ክራንች ተደግፋ! በበረዶ ሸርተቴ ወድቃ ነው መሰለኝ፤ የዚህ አገር ሰው አጥንቱን የሚሰብረው ለመዝናናት ነው።

«እኔን!» አሉ እትዬ አስካለ። የጥበባቸውን እጅጌ ያዝ አደረግኩ። ተመስገን፣ ትምህርታቸውን አልረሱም። በጎን ዞሩ፣ የወንበሩን ክንድ ያዙ፣ ቆዩ፣ ተነሡ። ኩራት ተሰማኝ። ሐኪሙ ዳኛዋን ልርዳሽ ሲላት፣ ፊቷ አመድ መስሎ «ደ ጎር ብራ» አለች። የኖርዌይ ሰው «ደህና ነኝ» ይቺ ናት። አንድ ጊዜ አውቶቡሴ ውስጥ የወደቀ ሽማግሌ ከግንባሩ ደም እየፈሰሰ ይህንኑ ብሎኛል። ለመሆኑ ይህን ነገር እነሱ ከእኛ ተምረውት ነው ወይስ እኛ ከእነሱ? እስከ ዛሬ ይገርመኛል።

ዳኛዋ ተቀመጠች፤ ክራንቾቿን ጠረጴዛው ላይ አስደገፈች። በአስተርጓሚው በኩልም የመጀመሪያውን ጥያቄ ጠየቀች፤ እንዴት ነዎት?

እትዬ አስካለ እኔን አዩ፣ ሩትን አዩ፣ «ተመስገን፣ ያመኛል» አሉ።

ላጨበጭብ ምንም አልቀረኝም። ነገር ግን ዳኛዋ ወረቀት ስትገልጥ አንዱ ክራንች ተንሸራተተና ጠረጴዛው ሥር ወደቀ። ልታነሣው ጎንበስ አለች፤ እግሯ ያዛትና ፊቷ ተኮማተረ። ከዚህ በኋላ የሆነውን ማንም ሊያቆመው አይችልም ነበር። የተጎዳ ሰው ፊታቸው ዕቃ ጥሎ እትዬ አስካለ ቁጭ ብለው ሊያዩ ነው? «በሞቴ! ተዪው፣ እኔ ላንሣልሽ!» ብለው ከወጣቱ አስተርጓሚ ቀድመው፣ እጥፍ ብለው፣ ጠረጴዛው ሥር ገቡ።

ሩት ዓይኗን ጨፈነች። እኔም አለቀልን አልኩ። ወገቤን ያመኛል ያለች ሴት ዳኛ ፊት እንደ ጎረምሳ ስታጎነብስ ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይፈለጋል?

ክራንቹ ከጠረጴዛው ሥር ብቅ አለ። እትዬ አስካለ ግን ብቅ አላሉም። ጠበቅን። ክራንቹን የያዘው ግራ እጃቸው ወደ ላይ ተዘርግቷል፤ ሌላው ሰውነታቸው እንደታጠፈ ቀርቷል። ወገባቸው እዚያው ያዛቸው።

ዳኛዋ ደንግጣ «ጎር ደ ብራ?»፣ ደህና ነዎት ወይ፣ ብላ ጠየቀች።

ከጠረጴዛው ሥር፣ በታፈነ ድምፅ፣ ግን በሙሉ ትሕትና፣ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ!» የሚል መልስ መጣ።

አስተርጓሚው እኔን አየኝ። ዝለለው ብዬ በዓይኔ ለመንኩት። ግን የተባለውን እንዳለ መተርጎም ግዴታው ነው፤ ተረጎመ። ደህና ናት፣ ፈጣሪንም ታመሰግናለች።

ዳኛዋ ጎንበስ ብላ የእትዬ አስካለን ነጠላ ተመለከተች። ቀጥላ የራሷን ጄሶ ተመለከተች። ከዚያ ቀስ ብላ ጠየቀች፤ ለቤተሰብ ሐኪምዎ ሲነግሩት የነበረው «ደህና ነኝ» ይሄ የአሁኑ ነው ወይ? አስተርጓሚው ተንበርክኮ ጥያቄውን ጠረጴዛው ሥር አደረሰ። እትዬ አስካለ እዚያው እንዳሉ ትንሽ አሰቡና በኖርዌይኛ «ያ» አሉ፤ አዎ ማለታቸው ነው።

ሐኪሙ ዞሮ መጣ፤ እኔና ሩት አግዘነው ቀና አደረግናቸው። ካልሲውም፣ ጸጉሩም፣ ግድግዳውም ከዚያ በኋላ ወጣ። ዳኛዋ ስግደት ምን ዓይነት ነው ብላ ጠየቀች። እትዬ አስካለ ሊያሳዩዋት ሲነሡ ሁላችንም በአንድ አፍ «ናይ!» ብለን ጮኽን፤ ዳኛዋም ጭምር።

ፈቀዱላቸው። ውሳኔው የመጣ ዕለት ሩት ደውላ በስልክ አለቀሰች፤ እኔም ከእሷ አልተሻልኩም።

ግን የሠለጠነ ሰው ሥልጠናውን የት ያኖረዋል? እትዬ አስካለ ዛሬ እውነቱን መናገር ማቆም አልቻሉም። ከቅዳሴ በኋላ «እንዴት ነሽ?» ያላቸው ምስኪን፣ ከአንገት ጀምሮ እስከ ቁርጭምጭሚት ዝርዝሩን ሳይሰማ አይለቀቅም። ሰው አሁን በሩቁ እጁን አንሥቶ «ሰላም!» ብሎ ማለፍ ጀምሯል። ወቀሳው ሁሉ እኔ ላይ ነው። እኔ ግን፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ ደስ ይለኛል። ከኋላ ግድግዳው ጋም ወንበር ተቀምጦላቸዋል።

ባለፈው ከቬስትሊ ሲመጡ እኔ ግሮሩድ ላይ ተሳፈርኩና ባቡር ውስጥ ተገናኘን። እንዴት ነዎት አልኳቸው፤ ዐውቄ ነው የጠየቅኩት። ቶየን ስንደርስ ገና ትከሻቸውን ጨርሰው ወገባቸው ላይ ነበሩ። ልወርድ ስነሣ ያ ግራ ጉልበቴ ክፉኛ ያዘኝ፤ ልወድቅ ስል የባቡሩን ምሰሶ አቀፍኩ።

«አንተስ ጌታሁን፣ እንዴት ነህ?» አሉኝ።

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ!» አልኩ።

እትዬ አስካለ ጉልበቴን አዩ። ፊቴን አዩ። ግንባራቸውን ልክ እንደ ወረዳ ዳኛ ቋጠሩና፣ «ቅዳሜ ቬስትሊ ና» አሉኝ። «ዳኛዋ እኔ ነኝ።»