አያ ይርሳውና የተከለከለው ስግደት

ሰው ሲታመም ምን ያህል ትእዛዝ አክባሪ እንደሚሆን አስተውላችኋል? የሚስማማውን ትእዛዝ ማለቴ ነው። አጎቴ አያ ይርሳው የቡሬ ገበሬ ናቸው። ዘንድሮ ልባቸው ምቷን እያዛባች ስላስቸገረቻቸው ፍኖተ ሰላም ወስጄ አስመረመርኳቸው። ሐኪሙ መድኃኒት አዘዘና፣ «ድንገት ከባድ ነገር አያንሱ፤ ትንፋሽ የሚያሳጥር ሥራ ይቅርብዎ። ልብዎ ውስጥ የረጋ ደም ወደ ጭንቅላትዎ ወጥቶ ስትሮክ እንዳያመጣብዎት» አላቸው።

ከዚያ ወዲህ አያ ይርሳው የሚቀመጡበትን በርጩማ እንኳ ራሳቸው አያነሱም። ጥጃውን እሰሩ ሲባሉ ሐኪም ከልክሏል። የሚስታቸው ዘመዶች ሲመጡ ከመደብ አይነሱም፤ እሱንም ሐኪም ከልክሏል።

ስቅለት ሲቃረብ ግን ሐኪሙን ረሱት። እንደ ልማዴ ሦስት መቶ እሰግዳለሁ አሉ። ሚስታቸው እትዬ ዘውዴ አለቀሱ። እኔም ፈራሁ፤ ያሳደጉኝ እኚህ ሰው ናቸው። መካሪ ስናጣ ተያይዘን ንስሐ አባታቸው ዘንድ ሄድን። ቄሱ ነገሩን ሰምተው ስግደቱን ጨርሰው ከለከሉ። በምትኩ ከመፈሰካቸው በፊት ጎረቤታቸውን አያ ቸኮልን ይቅርታ እንዲጠይቁ አዘዙ። ሁለቱ በእርሻ ድንበር ተጣልተው ከተኮራረፉ ሰባት ዓመታቸው ነው።

አያ ይርሳውን ላብ አጠመቃቸው። «አባቴ፣ አምስት መቶ ልስገድና ይሄ ይቅርልኝ» ብለው ለመኑ። ቄሱ ወይ ፍንክች።

በስቅለት ማግስት እጄን ይዘው፣ ባገኙት ጥላ ሁሉ እያረፉ አያ ቸኮል ደጅ ደረስን። ሦስት ጊዜ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ከዚያ በአንድ ትንፋሽ፣ «ቸኮል፣ ጥፋቱ የኔ ነው፤ ይቅር በለኝ» አሉ።

አያ ቸኮል አፋቸውን ከፍተው አዩአቸው። ወዲያው ሮጠው ደገፏቸው። «ይርሳው በጤናው እንዲህ ተናግሮ አያውቅም፤ በሽታው ጭንቅላቱን መትቶታል። ባጃጅ ጥራ» አሉኝ። እኔ ላስረዳ ብል ማን ሰምቶኝ? አያ ቸኮል ባጃጁ ውስጥ አቅፈዋቸው ተቀመጡ፤ «ወንድሜን፣ ሳላናግረው» እያሉ እንባቸውን ያፈሱታል።

አያ ይርሳው ጭጭ ብለዋል። ጠጋ ብዬ ለምን ደህና ነኝ አይሉም ብላቸው በጆሮዬ፣ «ዝም በል አንተ» አሉኝ፤ «ደህና ነኝ ካልኩማ እንደገና ይቅርታ መጠየቄ ነው።»