ውሃ የበዛባት አበባ

እኛ ሰው ስንወድ እናበላለን። እንግዳው ጠግቤያለሁ ቢል አናምነውም፤ በሞቴ ብለን እናጎርሰዋለን፣ ሆዱን ይዞ ሲወጣ ደግሞ «ምንም ሳይቀምስ ሄደ» ብለን እናዝናለን። ይህን ፍቅር ሰው ይችለዋል፤ እርስዎም ችለውት ያውቃሉ። ችግሩ ፍቅራችን ወደ ተክል የዞረ ቀን ነው።

መካኒሳ አቦ፣ እኔ በምኖርበት ግቢ፣ በእትዬ ዘነበች ደጃፍ አንዲት አበባ ነበረች። አበባ እንላታለን እንጂ የምታምረው በቅጠሏ ነው። ወፋፍራም ቅጠሎቿ እንደ ጽጌረዳ ተደራርበው ይፈካሉ፤ መሃላቸው አረንጓዴ፣ ፀሐይ የጠገበው ጫፋቸው ቀይና ሐምራዊ። ችግኝ ሻጮች ሰኩለንት ይሏታል፤ የግቢው ሰው «ወፍራሟ» ይላታል። የተከሏት የእትዬ ዘነበች ባል፣ ነፍሳቸውን ይማርና ጋሽ መኮንን፣ የዘይት ጀሪካን ለሁለት ቆርጠው ነው።

ያኔ ከአጥሩ ማዶ ጤፍ ይታጨድ ነበር። አመሻሽ ላይ ሁላችንም ዱካ እያወጣን ደጅ እንቀመጥ ነበር፣ ጋሽ መኮንን ዜናውን ከራዲዮ ሰምተው እንደገና ለእኔ ለዘጋቢው ያነቡልኝ ነበር። ዛሬ ከማዶ ፎቅ ነው። የግቢው ልጆች አንዱ ለቡ፣ አንዱ ሀና ማርያም ቤት ይዘው ወጥተዋል። የቀረነውም በራችንን ዘግተን እንውላለን።

እትዬ ዘነበች ሐዋሳ ያለችው ልጃቸው ስትወልድ ሊያርሷት ሄዱ። ልጅቷ እዚያው ይቅሩ ብላ ከለመነቻቸው ቆይታለች። ሲሄዱ አበባዋን ለእኔ ሰጡኝ።

«አደራ። የሱ እጅ ያረፈባት እሷ ናት የቀረችኝ። እሷ ከሞተችማ እዚህ ምን ይመልሰኛል?»

እኔ ደግሞ መረጃ እንጂ ስሜት አላምንም። አነበብኩ፣ ችግኝ ሻጭም ጠየቅኩ። መልሱ አንድ ነው፤ ይህች ተክል ውሃዋን በቅጠሏ ታጠራቅማለች፣ አፈሯ ጭራሽ ሳይደርቅ አትጠጣም፣ ፀሐይ ላይ አስቀምጦ መተው ነው። ተውኳት።

ቀዩ ደበዘዘ። ቅጠሎቿ አብጠው ውሃ መሰሉ፣ ስነካቸው ረገፉ። አፈሩን በጣቴ ወጋሁት። ጭቃ።

ከግቢው ሰው ምርመራ ጀመርኩ። ፀጉር ሠሪዋ ሰናይት ወዲያው አመነች። «አንተ እንደሆንክ ዞር ብለህ አታያት። አሳዘነችኝ፣ ጠዋት ጠዋት ጠብ አደርግላታለሁ።»

ጡረተኛው ሹፌር ጋሽ ታደሰ የሚያጠጡት ከሰዓት ነው። «ሰው አደራ ተቀብሎ እንዲህ ይጨክናል? እናንተ ጋዜጠኞች ወሬ እንጂ ተክል አታውቁም» አሉኝ።

አንዱ የሌላውን ማጠጣት አያውቅም። ለነገሩ፣ ከተነጋገሩም ቆይተዋል።

ሥሯ በስብሶ ስላገኘሁት ደህናውን አናቷን በቢላ ቆረጥኩና ቁስሉ እስኪደርቅ ያለ አፈር፣ ያለ ውሃ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩት። የሚደረገው ይኸው ነው። ጋሽ ታደሰ ግን ባርኔጣቸውን አወለቁ። «ጨረሳት።»

ሲደርቅ አሸዋ በቀላቀልኩበት አፈር ተከልኳት። ሥር መያዟን ሳላውቅ እትዬ ዘነበች ደወሉ። ልጁ ክርስትና ተነሥቷል፣ ሊመጡ ነው፤ እዚህ ለመኖር ይሁን ዕቃቸውን አንስተው ሐዋሳ ለመግባት አልነገሩኝም።

«አበባዬስ?»

«አለች» አልኩ። በመረጃ ደረጃ ትክክል ነበር።

መጥተው የጡጫ ያህል የቀረችውን ሲያዩ ሻንጣቸውን ሳያስቀምጡ ቆሙ። ሁለቱም ጎረቤቶች ባሉበት ሁሉን ነገርኳቸው፤ ማን፣ መቼ፣ እንዴት።

«ሰናይት፣ ጠዋት ጠዋት?»

«አዎ፣ እትዬ።»

«ታደሰ፣ አንተም?»

«ጠብታ ነበር እኮ» አሉ ጋሽ ታደሰ፣ መሬት መሬት እያዩ።

እትዬ ዘነበች ዓይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ። «እኔ ደግሞ ከሄድኩ ደጄን ዞር ብሎ የሚያይ የለም ብዬ ነበር።»

ያቀረብኩት የአሟሟት ዘገባ ነበር። እሳቸው ሌላ ነገር ሰሙበት። ሻንጣውን አስገቡ፤ ትንሽ ቆይቶ ለልጃቸው ስልክ ላይ «እዚሁ ነኝ፣ ሰው አለኝ» ሲሉ ተሰማ።

ከረገፉት ቅጠሎች አንዱን በወደቀበት አፈር ላይ ሥር አውጥቶ አገኙት፤ በስኒ ተክለው ለእኔ ሰጡኝ። ደጃፌ ላይ፣ ፀሐይ በሚያገኛት ቦታ አስቀምጫታለሁ። አላጠጣትም።

ዛሬ ጠዋት ስወጣ አፈሯ እርጥብ ነበር። አላጣራሁም።