አንዴ የሚከፈት

ምንታምር ከአዲስ አበባ ታብሌት ይዛ ስትመጣ እናቷ ወይዘሮ ዘርትሁን መጀመሪያ ያዩት ፊቷን ነው። ከስቷል።

"እማዬ፣ ውጭ ያለ ቤተ ሙከራ ለዓመታት እንድሠራ ጠርቶኛል። ዛሬ መልስ መስጠት አለብኝ፤ ልሂድ ልቅር መወሰን አቃተኝ። አንቺ ምረጭልኝ።"

"በእኔ ልታመካኚ ነው? ብርዱ ሲመታሽ 'እናቴ ናት የላከችኝ' ልትዪ!"

"ብቀርስ? 'እናቴ ናት ያስቀረችኝ' እያልኩ ስነጫነጭብሽ ልኑር?" ታብሌቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። "ሁለት መልስ ጽፌ ከሥራ ባልደረቦቼ ጋር በሠራነው ፕሮግራም ቆልፌያቸዋለሁ። አንዱን ስትነኪ ይላካል፤ ሌላው እዚያው ይጠፋል።"

"ተመልሶ አይገኝም?"

"አይገኝም። ቁልፉ የብርሃን ቅንጣት ነው፤ ኳንተም ይሉታል። ቅጂ የለውም። ምን እንደያዘ ልየው ብትዪ እንኳ በማየትሽ ብቻ ይለወጣል። አንዴ ይሠራል፣ አለቀ። የቤተ ሙከራው ሰዎችም የሚቀበሉት በዚህ የመጣውን ብቻ ነው።"

"ሠሪው ቢጸጸትስ?"

"ከእጁ ከወጣ በኋላ ሠሪውም እንደ ሌላው ሰው ቆሞ ማየት ነው።"

ወይዘሮ ዘርትሁን ባዶውን ቤት ዞር ብለው አዩ። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ በዚህ ቤት ከራሳቸው ኮቴ በቀር የሚሰማ የለም። ልባቸው "ትቅር" ብሎ ጨርሷል። አፋቸው ግን አልደፈረም፤ ጣቴ ይበለው አሉ።

"እሺ፣ መጀመሪያ ላንብበው።"

ምንታምር ውኃ ልታመጣላቸው ወደ ጓዳ ገባች።

ወይዘሮ ዘርትሁን የጎልማሶች ትምህርት ከጀመሩ ገና ዓመት አልሞላቸውም። እዚያ የሚነበበው በጣት ነው፤ ጣት ፊደሉን ሳይነካ ዓይን አያልፍም። መነጽራቸውን አስተካከሉ። ሁለት ቃላት ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። እንደ ክፍላቸው ጣታቸውን ከመጀመሪያው ፊደል ላይ አሳረፉ።

"ት... ሂ..."

የታብሌቱ መስተዋት ብልጭ አለ። ሁለቱም ቃላት የሉም።

ጣታቸውን በሌላው እጃቸው ጨብጠው ያዙ፤ ያቃጠላቸው ይመስል።

ምንታምር ብርጭቆውን እንደያዘች መጥታ አጎንብሳ አየች። "ተልኳል። 'ትሂድ' የሚለው ነው።" ከዚያ ትከሻዋ ወረደ፤ እንደ ልጅነቷ በረጅሙ ተነፈሰች። "እማዬ... ሂጂ አልሽኝ?"

እያነበብኩ ነበር የሚለው ቃል ምላሳቸው ላይ ደርሶ ነበር። ዋጡት።

"አልኩሽ።"

"ጣትሽን ጨብጠሽዋል እኮ።"

"ልጨብጠው።"

"ምነው፣ መጀመሪያ በደንብ ባለማመድኩሽ ኖሮ!"

ወይዘሮ ዘርትሁን የልጃቸውን ራስ ወደ ደረታቸው ሳቡት።

"አንቺን ስወልድስ ማን አለማመደኝ?"