ከመሠረት እስከ ጣራ

በሰው ልጅ የቸርነት ታሪክ ውስጥ ልዩ ስፍራ ሊሰጠው የሚገባው ይህ ታላቅ ድርጊት የተፈጸመው በ2011 ዓ.ም.፣ ከእንጅባራ ወደ ዳንግላ በሚወስደው መንገድ ዳር ካሉት ከተሞች በአንዷ ነው። የከተማዋን ስም የማንጠቅሰው ሌሎቹ ቅር እንዳይላቸው ብቻ ነው። ቸርነቱ የወረደባቸው ሰው አቶ አድማሴ ይባላሉ። በጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል ሠላሳ ዓመት አገልግለው ጡረታ የወጡ፣ ከባለቤታቸው ከወይዘሮ እናትነሽ ጋር በአንዲት ጭቃ ቤት የሚኖሩ፣ ይሉኝታ የሚገድላቸው ሰው ናቸው። ከፈጣሪ የሚለምኑት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ አልጋቸው ላይ የሚያፈሰው ጣራ እንዲደፈን።

የአዊ ዝናብ ጎራ ብሎ የሚሄድ እንግዳ አይደለም፤ ከርሞ የሚሄድ ዘመድ ነው። ባልና ሚስት በሦስት ክረምት አልጋቸውን ከአንዱ ጥግ ወደ ሌላው ሲያዞሩ ቆይተው ጥግ አለቀባቸው። በእነዚሁ ዓመታት አቶ አድማሴ ከጡረታቸው እየቆነጠሩ፣ አንዴ ሁለት አንዴ ሦስት እየገዙ፣ ሠላሳ ቆርቆሮ አጠራቀሙ። ቆርቆሮው በጓዳ ግድግዳ ተደግፎ፣ ጆንያ ለብሶ ተቀምጧል። አናጺውም ለሚቀጥለው ሳምንት ተቀጥሯል።

ቴሌቪዥን የመጣው በዚሁ መሃል ነው።

«እልፍኝዎ ሲታደስ» የተባለው ፕሮግራም የምስኪኖችን ቤት በነጻ እያደሰ አገር ያስለቅስ ነበር። የፕሮግራሙ አዘጋጅ ናርዶስ በሁለት መኪና ሙሉ ሰውና ዕቃ ከአዲስ አበባ መጥታ ከከተማው ቤቶች ሁሉ የአቶ አድማሴን መረጠች። የቀበሌው ኃላፊ ወጣቱ ዓለምነው በበኩሉ ጊዜ ሳያጠፋ የእድሳት ዐቢይ ኮሚቴ አቋቋመ። ዐቢይ ኮሚቴው ንዑሳን ኮሚቴዎችን ወለደ። ዓለምነው ከአቶ አድማሴ በር ላይ ቆሞ ባደረገው ንግግር፣ «ይህ እድሳት የአንድ ግለሰብ ቤት እድሳት ብቻ ሳይሆን የአስተሳሰብ እድሳት ጭምር መሆኑን በአጽንዖት ልናሰምርበት ይገባል» አለ። ሕዝቡም አጽንዖት ሰጥቶ አጨበጨበ። ቀና ብሎ ጣራውን ያየ ግን አልነበረም።

አቶ አድማሴ ጭብጨባው እስኪያበቃ ጠብቀው አንዲት ጥያቄ ጠየቁ።

«ልጄ፣ ወጪውን ማን ነው የሚሸፍነው?»

በቅዳሴ መሃል የመንደር ወሬ እንዳነሳ ሰው ሁሉም ዞሮ አያቸው። ዓለምነው በእሳቸው ፋንታ አፈረ። ናርዶስ ግን ፈገግ አለች።

«ጋሼ፣ የእርስዎ ድርሻ መደሰት ብቻ ነው። ሙሉ ወጪውን ስፖንሰር ይሸፍነዋል።»

ይህን ብላ ሠራተኞቿ በአጥሩ ላይ የሚወጥሩትን ባነር አሳየቻቸው። ባነሩ የአጥሩን ወርድ ሙሉ ይዟል። የቀለም ፋብሪካ፣ የሶፋ ቤት፣ የታሸገ ውኃና የብስኩት ዓርማ ዙሪያውን ተደርድሮ፣ መሃሉ ላይ በትልልቁ «ከመሠረት እስከ ጣራ፣ ሙሉ ወጪው በስፖንሰሮቻችን» የሚል ተጽፎበታል። አቶ አድማሴ «ጣራ» የምትለዋን ሁለት ጊዜ አነበቡና አሥራ አንድ ገጽ ውል ላይ ፈረሙ። ዘጠነኛው ገጽ «በቀረጻ ወቅት የሚከሰቱ ልዩ ልዩ ጉዳዮች በተጠቃሚው ይስተናገዳሉ» ይላል። ሰውዬው ሠላሳ ዓመት የሰው ካርድ ሲያወጡና ሲመልሱ እንጂ ሲያነቡ አልኖሩም።

ለማገዝም ፈለጉ። ሠላሳ ቆርቆሮ እንዳላቸው፣ አናጺም እንደቀጠሩ፣ ጣራውን ከዚያው ቢጀምሩት እንደሚሻል ለናርዶስ ነገሯት። ናርዶስ ደነገጠች። ጣራው ከተነካ ከእድሳቱ «በፊት» የሚባለው ምስል እንደሚበላሽና ተመልካች እንደማያዝን አስረዳቻቸው። አናጺው ተሰናበተ።

ሥራው ተጀመረ። ነገር ግን አገሩ አገር ነው። በዚህ አገር ቤትህ ላይ አንዲት ሚስማር ለመታ ሰው ምሳ ታቀርባለህ። የደቦ ሰው ጦሙን ከዋለ ቤቱም በረከት የለው፣ ባለቤቱም ከሰው ፊት አይቆም። ስፖንሰር መጣ አልመጣ ይህ አይለወጥም። ከናርዶስ ጋር የመጡት ባለሙያዎች አሥራ አራት ናቸው። ኮሚቴው ዘጠኝ ነበር፤ ምሳ ሰዓት ሲደርስ ግን ንዑስ ኮሚቴው ሁሉ ሥራውን ለመከታተል ይመጣል። ወይዘሮ እናትነሽ በመጀመሪያው ቀን ሽሮ ሠርታ ብታቀርብ፣ ዓለምነው ወደ ጓዳ ገብቶ የከተማዋን ገጽታ በሽሮ መገንባት አስቸጋሪ እንደሚሆን በአክብሮት ነገራት። ናርዶስም «እማማ፣ ለእኛ አይቸገሩ፤ የተገኘው ይበቃናል» እያለች ሳህኗን ዘረጋች።

በማግሥቱ አሥር ቆርቆሮ ለጎረቤታቸው ለቢሻው ተሸጦ በግ ተገዛ። ቢሻው አዲስ ቤት እየሠራ ስለነበር ቸርነቱ ለእሱም ተርፏል።

ቀረጻው ለሦስት ቀን የታሰበ ነበር። በሁለተኛው ቀን መብራት ጠፋ። በሦስተኛው ቀን ፀሐይዋ በማይፈለግ በኩል ወጣች። በአራተኛው ቀን ረቡዕ ዋለና እናትነሽ ምስር ወጥ ብታስብ፣ መንገደኛ ጾም እንደማይጸናበት ከባለሙያዎቹ አንዱ በደንብ አስተማራት። ሁለተኛው አሥር ቆርቆሮ ወደ ቢሻው ቤት ተሻገረ። በስድስተኛው ቀን የቀለም ፋብሪካው ቀለም ልኮ ከበሩ ፊት ለፊት ያለው ግድግዳ እንደ ሙሽራ ተቀባ። አቶ አድማሴ ስለቀሩት ሦስት ግድግዳዎች ጠየቁ። ካሜራ እዚያ እንደማይደርስ ተነገራቸው።

«ጣራውስ?»

«ጋሼ፣ ጣራ ስክሪን ላይ አይወጣም» አለቻቸው ናርዶስ።

አቶ አድማሴ ግን አሥራ አራት ሰው ቤታቸው ሲለፋ እያዩ ቅሬታ ማሰማት ውለታ ቢስነት መሰላቸውና ለባለሙያዎቹ የሚጠጣ ውኃ ሊያመጡ ወጡ።

በዘጠነኛው ቀን ከባሕር ዳር በአይሱዙ ሶፋ፣ ምንጣፍና የግድግዳውን ግማሽ የሚያክል ቴሌቪዥን መጣ። የቀረው ትልቁ ትዕይንት ነበር። ባልና ሚስት ዓይናቸው ተሸፍኖ ይገባሉ፤ ጨርቁ ሲነሳ በደስታ ያለቅሳሉ። ጨርቁ ተነሳ። አቶ አድማሴ «በጣም ጥሩ ነው፤ እግዜር ይስጥልን» አሉ። አይበቃም ተባለ። ወጥተው እንደገና ገቡ። አሁንም አመሰገኑ። ናርዶስ ያለፈ ሐዘናቸውን እንዲያስቡ ብትመክራቸው፣ ወላጆቻቸውን ካሰቡ በኋላ ነፍስ ይማር ብለው አመሰገኑ። ፀሐይ ልትጠልቅ ነው፤ ስፖንሰሮች እንባ ይፈልጋሉ።

ሦስተኛ ሲገቡ በመስኮቱ በኩል የቢሻው የአህያ ጋሪ ከጓሯቸው ሲወጣ አዩ። የመሰነባበቻው ምሳ በግ ስላስፈለገ የመጨረሻው አሥር ቆርቆሮ በላዩ ተጭኖ፣ ጋሪው በተንገጫገጨ ቁጥር ይንኳኳል። የሦስት ዓመት ጡረታቸው ከበራቸው ሲወጣ በዓይናቸው ተከተሉት፤ እንባቸውም ዱብ ዱብ አለ። ወይዘሮ እናትነሽ ወደ መስኮቱ ዞር ብላ አየችና እሷም ተንሰቀሰቀች።

«ይህን አትቁረጡት» አለች ናርዶስ በሹክሹክታ፤ የእሷም ዓይን እንባ አቅርሮ ነበር። «እንዲህ ያለ እውነተኛ ደስታ ቀርጬ አላውቅም።»

በማግሥቱ አይሱዙው ተመልሶ መጣ። ሶፋው ለማሳያ የተሰጠ ስለሆነ ላስቲኩ እንኳ ሳይቀደድ ተጫነ። ምንጣፉ ተጠቀለለ፤ ቴሌቪዥኑ ወደ ካርቶኑ ገባ። ለአቶ አድማሴ አንድ የተቀባ ግድግዳ፣ አንድ የፕላስቲክ አበባ፣ ከአጥሩ ለማውረድ የተረሳው ባነር ቀረላቸው።

ፕሮግራሙ በጥምቀት ሰሞን ተላለፈ። እነ አቶ አድማሴ ቴሌቪዥን ስለሌላቸው በቢሻው አዲስ ቤት፣ ከራሳቸው ቆርቆሮ ሥር ተቀምጠው ተመለከቱ። አገር ሲያለቅስ ቢሻውም አለቀሰ። በመጨረሻ ምስጋና ቀረበ፤ ለቀለሙ፣ ለሶፋው፣ ለውኃው፣ ለብስኩቱ፣ ለዓለምነውና ለኮሚቴው። የአቶ አድማሴ ስም «ተጠቃሚ» በሚለው ሥር ሰፍሮ ነበር። እናትነሽ ጣራውን ቀና ብላ አይታ፣ ጥሩ አድርገው እንደመቱት ለቢሻው ነገረችው።

ሰኔ ገባና ዝናቡ እንደ ልማዱ ጓዙን ጠቅልሎ መጣ። አቶ አድማሴ ቆርቆሮም ጥግም አልነበራቸውም። ባነሩን ከአጥሩ ፈትተው ጣራቸው ላይ ዘረጉት፤ ዳር ዳሩን በድንጋይ ጫኑት። ስለ ስፖንሰሮቹ እውነቱን መናገር ይገባል፤ የባነሩ ላስቲክ ጠንካራ ነበር። አንዲት ጠብታ አላሳለፈም። ከሦስት ዓመት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ አልጋው መሃል ቤት ተዘረጋ፤ አቶ አድማሴም ፕሮግራሙን ከልባቸው መረቁ።

በሳምንቱ ዓለምነው ሜትር ይዞ መጣ። ጣራው ላይ በጉልህ የሚነበብ የንግድ ማስታወቂያ እንዳለ ከመንገድ ታይቷል። ሲለካ አሥራ ስምንት ካሬ ሆነ። ማስታወቂያ ደግሞ በካሬ ይከፈልበታል፤ ወይ ይከፈላል ወይ ይወርዳል።

አቶ አድማሴ ወደ ሰማይ አዩ። ደመናው ከብዷል። በሕይወታቸው ለሁለተኛ ጊዜ ያችኑ ጥያቄ ጠየቁ።

«እና ይህን ማን ነው የሚሸፍነው?»

«ጋሽ አድማሴ፣ መመሪያው ግልጽ ነው» አለ ዓለምነው። «ከሥሩ የሚያድረው ይከፍላል።»

የሰኔ ጡረታቸውን ከፍለው ደረሰኙን ይዘው ገቡ። ወይዘሮ እናትነሽ ተቀብላ፣ ስማቸው የተጻፈበትን መስመር በጣቷ እየተከተለች ቀስ ብላ አነበበችው።

«ያቺን ልጅ ስንት ቀን አማናት» አለች። «አልዋሸችም እኮ። ስፖንሰር ይሸፍነዋል አለች፤ ስሙን ብቻ ነው ያልነገረችን።»