ታደሰና ቋጠሮው

የገዛ ቋጠሮውን የማያምን ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? አሰብ ወደብ አብሮኝ የሚሠራው ጸሐፊ ታደሰ እንደዚያ ነበር። ዓሣ ልናጠምድ በወጣን ቁጥር የመንጠቆዎቹን ክር ከዋናው ክር ጋር አራቴ ይቋጥርና «እስቲ ሳበው» ይለኛል።

አንድ ቀን የጀልባችን ባለቤት አሊ፣ «ጋሼ፣ ክሩን የሚያሰምጠውን እርሳስ እንኳ በቀጭን ክር ይቋጥሩት፤ አለት ከያዘው ቀጭኑ ብቻ ይበጠሳል» ቢለው፣ «ቢበጠስስ?» አለ ታደሰ። እርሳሱንም በወፍራም ክር ቋጠረው፤ ይባስ ብሎ ክሩን እንዳይነካበት የአሊን ቢላዋ ወደቡ ላይ አስቀረ፤ የክሩንም ጫፍ ጀልባው ላይ አሰረ።

ባሕሩ መሃል ክሩን ስንጥለው እርሳሱ አለት ውስጥ ተሸጎጠ። ሞገድ ሲመጣ ጀልባው በክሩ ተይዞ መነሣት አቅቶት ውሃ ያስገባ ጀመር። እኔ ደገኛው ዋና አላውቅም፤ ዳዊት እደግማለሁ። አሊ ጎንበስ ብሎ ክሩን በጥርሱ ሲገዘግዘው ታደሰ ትከሻውን ያዘና፣ «ኧረ ቀስ በል፣ ቋጠሮው እንዳይላላ» አለው።